ጳጉሜ 5 ላይ የዋለ እንቁጣጣሽ፦ ለሰው የሚመች ኤፒአይ ስለመሥራት

(ለወጣት ፕሮግራመሮች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ቀልዶቹን ግን አልነካኋቸውም፣ ያልተሳቀባቸውንም ጭምር።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ኮድ ሌላውን ኮድ ስለሚጠራበት በር፣ ላወራ ነው የመጣሁት፤ ግን ከራሴ ውርደት ልጀምር።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አክስት አለችኝ። በዓል ሲደርስ ቀኑን የምታጣራው አዲስ አበባ ደውላ ነው። ልጆቿ ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም። እና አንድ ጊዜ "በዓላትን የምታስታውስ ትንሽ አፕ ልሥራልሽ" አልኳት። ምን ይከብዳል? የበዓሉን ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትይዛለች፣ ወደ እኛ ቀይራ ታሳያለች፣ አለቀ። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኳት። እዚሁ ቤቴ ሆኜ ሞከርኳት። "መስከረም 1 ቀን 2017፣ እንቁጣጣሽ" አለችኝ፣ ደስ ብሎኝ ላክሁላት። አክስቴ ማታውኑ ደወለች። "የኔ ጌታ፣ እንቁጣጣሽን መቼ ነው ወደ ጳጉሜ 5 ያዞራችሁት?"

የሆነው እንዲህ ነው። በጃቫስክሪፕት ቀንን "2024-09-11" ብላችሁ ብትሰጡት፣ የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ይወስደዋል። እዚያው ላይ ሰዓት ብትጨምሩበት ደግሞ፣ ዜሮ ሰዓት እንኳን ቢሆን፣ ኮምፒውተሩ ያለበት አገር ሰዓት ነው ይላል። እኔ ሰዓት አልጨመርኩም። የበዓል ቀን ሰዓት ምን ያደርግለታል? አዲስ አበባ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለምትቀድም እኔ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆነ፤ ቀኑ ያው መስከረም 1 ነው፣ ምንም አልታየኝም። ዋሽንግተን በዚያ ወቅት በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አክስቴ ጋ ገና የዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ነበር። ጳጉሜ 5።

ይሄ ዶክመንቴሽኑ፣ ማለትም መመሪያው ላይ ተጽፏል ወይ? ተጽፏል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ለብዙ ዓመት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልሴ "የኔ ነው፣ ማንበብ ነበረብኝ" ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። የአዲስ አበባን የእግረኛ መንገድ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ማንሆል ውስጥ ቢገባ "ስልኩን እያየ ሲሄድ ነው" እንላለን። አሥር ሰው ከገባ ግን "ክዳኑን ማን ወሰደው?" ነው የሚባለው። ይሄ የቀን ነገር ስንት ፕሮግራመር እንደበላ ለማወቅ በየቢሮው ዞር ዞር ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ክዳኑ ነው።

ኤፒአይ ስል ደግሞ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ዳታ የሚሰጠውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሦስት መስመር ያላት ፈንክሽን ጽፋችሁ ጎናችሁ ያለው ልጅ ከጠራት፣ ኤፒአይ ሠርታችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛ አላችሁ።

ወደ ቀኑ ልመለስ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያስተምራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ የእንቁጣጣሹን 2017 ሳይጨምር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ኖሮ የዛሬውን ርዕስ ራሴው አፈረስኩት ማለት ነው።) በ1995 ብሬንዳን አይክ ኔትስኬፕ በሚባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ ተቀምጦ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀን ሠራው። አለቆቹ ጃቫ የሚባለውን ሌላ ቋንቋ እንዲመስል ፈልገዋል፣ ጊዜ ደግሞ የለም። ስለዚህ የቀኑ ነገር ከጃቫ እንዳለ ተገለበጠ። የጃቫው ራሱ ልጅ ነበር፣ ገና መራመድ ያልጀመረ። ወር ከ0 ይቆጠራል። ቀን ከ1። ዓመት ከ1900። አንድ ቀን ለመጻፍ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፣ ሦስቱም መነሻቸው ለየቅል ነው። ጥር ማለት የፈለገ 0 ይጽፋል፣ 1 የጻፈ የካቲት ላይ ያርፋል። በጃቫ ዓመቱን 2024 ብሎ የሰጠ ሰው 3924 ዓ.ም. ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

ወር ከ0 የሚጀምረው ለምንድነው? ልማዱ ከሲ ቋንቋ የመጣ ነው፤ እዚያም ወር ከ0 እስከ 11 ነው። የወር ስሞችን አሬይ በሚባል ዝርዝር ውስጥ ደርድረህ በቁጥሩ ለማውጣት ይመቻል። ለማሽኑ ይመቻል ማለት ነው። ሰው ግን ታኅሣሥን 11ኛ ወር ብሎ አያውቅም፣ የፈረንጁን ማለቴ ነው። ማሽኑ አንድ መቀነስ ሰልችቶት፣ ሥራው ለሚሊዮን ፕሮግራመር ተሰጠ።

2000 ዓመተ ምሕረት ሲገባ ደግሞ ሌላ ኮሜዲ። ዓመቱን ስጠኝ ስትለው ከ1900 ወዲህ ያለውን ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ በ1999 ላይ 99። ሰዉም ፊቱ ላይ "19" እየለጠፈ ያሳይ ነበር። ጥር 1 ቀን 2000 ጠዋት ቁጥሩ 100 ሆነ፣ እና ስንቱ ዌብሳይት "19100" ብሎ አደረ። ኤፒአዩ አልዋሸም። የሰጠው ቁጥር ልክ ነው። ግን ስሙ "ዓመት ስጠኝ" ነው፣ የሚሰጠው ደግሞ ዓመት አይደለም።

አንድ የባሰ አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ አልተኛም። የካቲት 31 ቀን 2023 ብላችሁ በቁጥር ስጡት፣ የፈረንጁን የካቲት። እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላችኋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይልም። ጨዋ መስሎ ዝም ብሎ መጋቢት 3 ያደርግላችኋል። ተጠቃሚው ቅጹ ላይ ተሳስቶ የሞላው የልደት ቀን፣ ሳይታወቅ ሌላ ቀን ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ቀኑ አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል፣ እናትየው ወረቀት ይዛ ትንከራተታለች፤ የሁሉም መነሻ አንድ ሰው ስህተትን በትሕትና ማስተናገድ ጥሩ መስሎት መሆኑን ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለ ትሕትና ይቅርብን። እንቢ ማለት ባለበት ቦታ እንቢ የሚል ኤፒአይ ነው ወዳጅ።

ጃቫ ከዚህ ለመውጣት እስከ 2014 ፈጀበት። ጃቫ 8 ላይ አዲስ የጊዜ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላው ወስዶ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ፣ መጣ፣ እና እኔ በበኩሌ ካየኋቸው ኤፒአዮች ሁሉ በጣም የተማርኩበት እሱ ነው። ዋናው ብልሃቱ ወርን ከ1 መጀመሩ አይመስለኝም። ዋናው ነገር፣ ሰው በአእምሮው የሚለያያቸውን ነገሮች ለያይቶ ስም መስጠቱ ነው። ቀን ብቻ፣ ሰዓት የሌለው፣ አንድ ዓይነት ነው። የግድግዳ ሰዓት ብቻ፣ ቀን የሌለው፣ ሌላ ዓይነት። በመላው ዓለም አንድ የሆነች ቅጽበት ሌላ። አገሩ የታወቀ ቀንና ሰዓት ደግሞ ሌላ።

አሁን የአክስቴን አፕ አስቡት። እንቁጣጣሽ ምንድነው? ቀን ነው። ቅጽበት አይደለም። ዋሽንግተንም ሪያድም ቴል አቪቭም ያለ ሰው መስከረም 1ን የሚያከብረው የራሱ ጎህ ሲቀድ ነው። ቀን ብቻ የሚይዝ ዓይነት ቢኖረኝ ኖሮ ስህተቱን ልሥራ ብል እንኳን አልችልም ነበር፤ ሰዓት የሌለው ነገር በሰዓት ልዩነት ወደ ኋላ አይሄድም። አያችሁ፣ ዶክመንቴሽን ላይ "ተጠንቀቅ" ብሎ መጻፍና ጉድጓዱን መክደን የተለያዩ ናቸው።

በነገራችን ላይ ያ የጃቫ ላይብረሪ የታይን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ነው የመጣው። የእኛን አልያዘም፤ እሱ የሚገኘው ስሪ ቴን ኤክስትራ በሚባል ተጨማሪ ላይብረሪ ነው። የድሮው የጃቫ ካላንደር ውስጥ ግን "አንዴሲምበር" የሚል 13ኛ ወር አለ፣ ከዲሴምበር ቀጥሎ። ሰነዱ ለጨረቃ አቆጣጠሮች ነው ይላል። እኔ ለጳጉሜ ወስጄዋለሁ፣ የሚከለክለኝ ይምጣ። ጃቫስክሪፕትም አሁን እየዳነ ነው። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ ኤፒአይ ቀን ብቻ የሚይዝ ዓይነት አለው፣ ወር ከ1 ይጀምራል፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠርም ያውቃል፤ ፋየርፎክስ በ2025 አስገብቶታል። ዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለም የሚቆጥርም አማራጭ አለ። 5500 ጨምረው የሚያስቡ አንድ ቄስ ጎረቤት ስላሉኝ ይሄን ስነግራቸው በጣም ነው የተደሰቱት።

እሺ፣ ከቀን እንውጣ። ማኪያቶ እንጠጣ።

ካፌ ገብታችሁ "አንድ ማኪያቶ" ስትሉ አስተናጋጇ ስንት ግራም ቡና፣ ወተቱ ስንት ዲግሪ ይሙቅ ብላ አትጠይቃችሁም። ሁሉም የሚያውቀው ማኪያቶ ይመጣል። ፍላጎት ያለው "ነጣ ያለ" ይላል፣ ሌላው "ጠቆር ያለ፣ ስኳር ለብቻው" ይላል። ምንም ያላለም ሰው ግን ደህና ማኪያቶ ይጠጣል። ለእኔ የኤፒአይ ዲፎልት፣ ማለትም ምንም ሳይባል የሚመጣው ምርጫ፣ እንዲህ መሆን አለበት። ዝም ላለ ሰው ደህናውን መስጠት፣ ለተናገረ ሰው ደግሞ በሚገባው ቃል ማዘዣ መስጠት። አንዳንድ ላይብረሪ ግን አንድ ኢሜይል ለመላክ 14 ነገር እንድትሞሉ ይጠይቃችኋል፣ 12ቱን ደግሞ ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ ነው የምትለጥፉት። ሁሉም ሰው የሚገለብጠው ነገር ዲፎልት መሆን ነበረበት።

ዲፎልቱ ልክ ሆኖ ማዘዣው ቢጣመምስ? ከሰርቨሮች ጋር ዳታ ለመላላክ የምንጠቀምበትን ከርልን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ኮዳችሁ ከሌላ ሰርቨር ጋር በምስጢር ሲነጋገር፣ ያ ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን የሚያጣራ አንድ ቅንብር አለው፤ ስሙ "ቬሪፋይ ሆስት" ነው። ስሙን ስትሰሙ ምን ትሰጡታላችሁ? "ትሩ" ትሉታላችሁ፣ አይደል? አዎ አጣራ ማለት ነው። የሚጠብቀው ግን ቁጥር ነበር። 0 ከሆነ አታጣራ። 1 ከሆነ የሰርቨሩ መታወቂያ በሆነው ሰርተፍኬት ላይ የሆነ ስም መኖሩን ብቻ እይ፣ የማንም ስም ይሁን። 2 ከሆነ ስሙ የምትፈልገው ሰርቨር ስም መሆኑን አጣራ። በፒኤችፒ ቋንቋ ደግሞ "ትሩ" ወደ ቁጥር ሲቀየር 1 ነው። ዲፎልቱ 2 ነበር እኮ! ምንም ያልነካው ሰነፍ ተጠበቀ፤ ተጠንቅቆ፣ ስለ ደኅንነት አስቦ "ትሩ" ብሎ የጻፈው ጎበዝ በሩን በእጁ ከፈተ። በ2012 የቴክሳስ ኦስቲንና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ስህተት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ላይብረሪዎች ውስጥ ሳይቀር አገኙት። በዚያው ዓመት ከርል 1 ሲሰጠው ስህተት ነው ብሎ መመለስ ጀመረ።

እነዚያን ፕሮግራመሮች "አላነበባችሁም" ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን የምለው፣ ስሙ የአዎና የአይደለም ጥያቄ ይመስላል፣ ስለዚህ ሰው አዎ ብሎ መለሰ። ሰው ኤፒአይን አያነብም። ይገምታል። ከገመተው ጋር ከገጠመ ይሄዳል፣ ካልገጠመ ብቻ ነው ዶክመንቴሽን የሚከፍተው። እኔም እናንተም እንዲሁ ነን፣ እንዳንዋሽ። ሥራችን ታዲያ ግምቱ ልክ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ግምት ከሚከሽፍባቸው ቦታዎች አንዱ አሃድ ነው። "10 ያህል ጠብቅ" ልትሉ ፈለጋችሁ እንበል። በፓይተን ስሊፕ 10 ብትሉ 10 ሰከንድ ይተኛል። በጃቫ 10 ሚሊሰከንድ። በጎ ቋንቋ 10 ናኖሰከንድ፣ ማለትም ምንም። ቃሉ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ እንቅልፉ ሦስት ዓይነት። እኛ ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን ሰዎች ነን፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ "በሦስት ሰዓት እንገናኝ" ብሎህ አንተ ጠዋት ቆመህ ስትጠብቀው እሱ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላል። ናሳም ከዚህ አላመለጠም። በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ደርሳ የጠፋችው አንደኛው ሶፍትዌር ግፊቱን በእንግሊዝ መለኪያ እየጻፈ፣ ሌላኛው በሜትሪክ ነው ብሎ ስላነበበው ነው። ቁጥሩ ያለ አሃዱ ነበር የሚተላለፈው።

ገንዘብ ላይ ደግሞ አስቡት። ስትራይፕ የሚባለው የክፍያ አገልግሎት በሳንቲም ነው የሚቀበለው፤ 10 ዶላር ለማስከፈል 1000 ትልካላችሁ። የጃፓን የን ሳንቲም ስለሌለው 1000 የን ግን ያው 1000 ነው። ለዚህ ምክንያት አላቸው፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ለገንዘብ አይታመንም፣ ዶክመንቴሽናቸውም በግልጽ ይናገራል። ግን በብር መላክ ከለመደ ኤፒአይ የመጣ ልጅ የ500 ብሩን ዕቃ በ5 ብር ሊሸጠው ይችላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አሃዱን ስሙ ውስጥ አስገቡት። "መጠን" ከሚል "መጠን በሳንቲም" የሚል። "ቆይታ" ከሚል "ቆይታ በሰከንድ"። ስሙ ረዘመ? ይርዘም። ኮድ የሚጽፈው ኤዲተሩ ነው ዛሬ፣ ጣታችሁ አይደክምም።

አሁን ደግሞ ብሶቴን ልናገር። ስሙን አልጠራም። አንድ የክፍያ አገልግሎት ጋር ሲስተማችንን እያገናኘሁ ነበር። ሪኩዌስት እልካለሁ፣ መልሱ 200 ይመጣል፤ 200 ማለት ሁሉ ሰላም ማለት ነው። ውስጡን ስከፍተው "ስህተት ተፈጥሯል" ይላል። ምን ስህተት? የቱ ጋ? የስልክ ቁጥሩ ነው? ቁልፉ ነው? ደግሜ ልሞክር ወይስ ተስፋ ልቁረጥ? ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ እየቀየርኩ ሞከርኩ። በመጨረሻ ደውዬ ስጠይቅ፣ መልሱ "የድርጅቱ ስም ላይ ክፍት ቦታ አይፈቀድም" ሆኖ ተገኘ። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርቨሩ ያውቀዋል! እያወቀ ነው ዝም ያለኝ። ቀበሌ ሄዳችሁ "ነገ ተመለሱ" እንደመባል ነው፣ የጎደለው ወረቀት የቱ እንደሆነ ሳይነገራችሁ። ኤረር ሜሴጅ ስትጽፉ ያንን የቀበሌ መስኮት አስታውሱ፤ የቱ ነገር እንዳልሆነ፣ ምን እንደተላከ፣ ምን ቢላክ እንደሚሆን። እና እባካችሁ፣ ካልተሳካ 200 አትበሉ።

ከክፍያ ሳልወጣ አንድ ነገር። እኛ አገር ኔትወርክ መሃል ላይ ይቆረጣል። ሪኩዌስቱ ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ መልሱ ሲመለስ መንገድ ላይ ይቀራል። የእናንተ ኮድ ምን ያውቃል? ምንም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ደግማችሁ ብትልኩ ሁለቴ ልታስከፍሉት ነው፣ ባትልኩ ደግሞ ጭራሽ አልተከፈለ ይሆናል። ይህን ጭንቀት ለፕሮግራመሩ የሚተው ኤፒአይ ክፉ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ስትራይፕና መሰሎቹ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፦ ከሪኩዌስቱ ጋር የራሳችሁን አንድ መለያ ትልካላችሁ፤ ያው መለያ እንደገና ከመጣ ሰርቨሩ ሥራውን አይደግመውም፣ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይመልሳል። እንደ ደረሰኝ ቁጥር በሉት። ከዚያ ኔትወርክ በተቆረጠ ቁጥር ሳትፈሩ ደግማችሁ ትልካላችሁ። በእኔ አስተያየት ገንዘብ የሚነካ ኤፒአይ ያለዚህ መውጣት የለበትም፤ ኔትወርኩ እንደኛ አገር በሆነበት ቦታ ደግሞ በፍጹም።

አሁን ደግሞ በጣም የጠቀመኝን ነገር ልንገራችሁ፣ ወጪው አንድ ቡና ነው። ኤስኤምኤስ የምትልክ አንዲት ትንሽ ላይብረሪ ጽፌ ነበር፣ በጣም የምኮራባት። ቢሮ አዲስ የገባች ልጅ ነበረች፣ "ይቺን ተጠቅመሽ ለአንድ ቁጥር መልእክት ላኪ" ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደንቡ አንድ ነው፤ እኔ አልናገርም። ብትጠይቀኝም አልመልስም። (ለእሷ መጀመሪያ መንገር ይገባል፣ አለበለዚያ ያኮረፍኳት ይመስላታል።)

መጀመሪያ መልእክቱን ጻፈች፣ ቀጥላ ስልኩን። የኔ ፈንክሽን የሚፈልገው ስልኩን አስቀድሞ ነው። ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑ ምንም አልጮኸም፤ "ሰላም እንዴት ነሽ" ወደሚባል ስልክ ቁጥር መልእክት ሊልክ ሄደ። ይሄ የኔ ብቻ ኃጢአት አይደለም፣ ፒኤችፒ እንኳን እስከ ዛሬ አንዱ ፈንክሽኑ ድርቆሹን (የሚፈለግበትን) አስቀድሞ መርፌውን (የሚፈለገውን) ያስከትላል፣ ሌላው መርፌውን ያስቀድማል። ቅደም ተከተሉን አስተካከለች። አሁን ደግሞ ቁጥሩን በ09 ጻፈች፣ ሰው ሁሉ እንደሚጽፈው። የኔ ላይብረሪ በ251 የሚጀምር ብቻ ነበር የሚቀበለው፣ ሌላውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ዝም ብሎ! እኔ ማርስ ላይ ስለጠፋች መንኮራኩር የማወራ ሰውዬ። በፕላስ ሞከረች፣ አልሆነም። ያለ ፕላስ ሞከረች፣ ሄደ። ከዚያ የራሷን ሌላ የ07 ሲም በዚያው በ251 ሞከረች፣ ተጣለ፤ ማጣሪያውን የጻፍኩት ሳፋሪኮም በ2022 በ07 ከመምጣቱ በፊት ነበር። 40 ደቂቃ። እኔ ምላሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ፣ እሷ ፊቷ እየቀላ "ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም" ትላለች። ምንም አላጠፋችም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የራሳችሁን ኤፒአይ እናንተ ልታዩት አትችሉም፤ የት ምን እንዳለ ስለምታውቁት ጉድጓዱን ሳታስቡ ትዘሉታላችሁ። በማግስቱ ላይብረሪዋ በ09፣ በ07፣ በ251፣ በፕላስም ብትጽፉላት ራሷ የምታስተካክል ሆነች፤ ያልገባትን ደግሞ "ይህ የስልክ ቁጥር አይመስልም" ብላ ትጮሃለች። ከዚያ ወዲህ የማደርገው አንድ ልማድም አለ። ላይብረሪውን ከመጻፌ በፊት የሚጠቀመውን ሰው ኮድ እጽፋለሁ፣ ላይብረሪው እንዳለ አስመስዬ። አምስት መስመር። ሲነበብ የሚያሳፍር ከሆነ እዚያው እሰርዘዋለሁ፣ ገና ምንም አልሠራሁም።

ጥያቄ ሲከፈት አንድ ወጣት ተነሳ። "ጋሼ" አለኝ። (ጋሼ! እሺ ይሁን።) "አንድ ኤፒአይ ለቅቄያለሁ፣ ሦስት ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። አሁን ሳስበው የአንዱ ፊልድ ስም ተሳስቷል። ልቀይረው ወይስ ለምደውታል ብዬ ልተወው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለኤፒአይ ነው። ብራውዘር ከየት ገጽ እንደመጣችሁ ለሰርቨር የሚናገርበት ቃል "ሬፈረር" ነው፤ ፊደሉ ተሳስቶ አንድ "አር" ጎድሎት በ1990ዎቹ ደረጃው ውስጥ ገባ፣ እስከ ዛሬ የዓለም ኢንተርኔት በሙሉ በተሳሳተው ፊደል ይላላካል። ሰው ደግሞ ቃል ያልገባችሁለትን ነገር ሳይቀር ይደገፍበታል። የጎ ቋንቋ ሠሪዎች ይሄን ስለሚያውቁ፣ ማፕ በሚባለው የዳታ መያዣ ውስጥ ያለው ዝርዝር የሚወጣበትን ቅደም ተከተል ሆን ብለው በየጊዜው ያዘበራርቁታል፤ ማንም እንዳይለምደው።

ግን ለልጁ የነገርኩት የሜክን ታሪክ ነው። ሜክ የሚባለውን የዩኒክስ መሣሪያ በ1976 የጻፈው ስቱዋርት ፌልድማን ነው። ፋይሉ ውስጥ የትእዛዝ መስመር በታብ ካልጀመረ አይሠራም፣ በስፔስ ከሆነ አይቀበልም። በዓይን ደግሞ ሁለቱ አይለዩም። ስንቱ በዚህ አልቅሷል። ፌልድማን ችግሩን ቶሎ ነበር ያየው፤ ግን በዚያን ጊዜ 12 የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ነበሩት፣ አብዛኞቹ ጓደኞቹ፣ እና እነሱን ማስቸገር አልፈለገም። ለ12 ሰው ተብሎ የተተወው ታብ ዛሬም አለ።

"አንተ ስንት አሉህ?" አልኩት።

"ሦስት።"

"ስልካቸው አለህ?"

"አለኝ።"

"ዛሬ ማታ ደውል። ሁለቱንም ስም ለጥቂት ወር ተቀበል፣ በድሮው የሚልክ ካለ ማስጠንቀቂያ መልስለት፣ የድሮውን የምታጠፋበትን ቀን ንገረው።"

"በየትኛው አቆጣጠር?" አለ ከኋላ አንዱ።